«በሕግ አምላክ!» አለች ትንግርት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማነብላችሁ ታሪክ እኔን ራሴን አናዶኛል፤ እናንተንም ሳያናድዳችሁ አይቀርም።

በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ነፋሱ «ፉው... ፉው...» በሚልበት ሰፈር፣ አንድ ኮንዶሚኒየም አለ።

እዚያ ግቢ ውስጥ ልጆች ሁሉ ሹራብ ይለብሳሉ። ሹራቡ ደግሞ ሁልጊዜ ሰፊ ነው፤ «ያድጉበታል» ተብሎ ነዋ የሚገዛው!

ትንግርት እዚያ ትኖራለች። ስድስት ዓመቷ ነው። የሹራቧ እጅጌ ጣቶቿን አልፎ ይንጠለጠላል።

ትንግርት ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን ቶሎ ትናደዳለች። ስትናደድ አፍንጫዋ እንደ ቲማቲም ይቀላል፣ እግሯም «ድም! ድም!» ይላል።

ያለ ነገር ትናደዳለች እንዳትሉኝ። ይህች ልጅ በከንቱ ተናዳ አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት የግቢው ልጆች ሁሉ ሶስና ቤት ይሰበሰባሉ። የሶስና ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ትልቅ ቴሌቪዥን አላቸው።

በዚያ ቅዳሜ ትንግርት መጣች። ከታች ቤት ጌጡ መጣ። ትንሹ ብሩኬም አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ መጣ።

ሌሎቹም መጡ። ሁሉም ምንጣፉ ላይ ዘፍ ዘፍ አሉ።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ጅብ ብቅ አለ። ስሙ ቦርጮ ነው። ካርቱን ነው፤ የተሣለ ጅብ።

ቦርጮ በጣም ርቦታል። ሆዱ «ጉርርር... ጉርርር...» ይላል።

ስለዚህ ወደ እመት ዶሮ ቤት ገባና አንዲት እንቁላል ሰረቀ። መስረቅ ጥሩ ነው? አይደለም። እኔም አልወደድኩለትም።

ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ስሙ።

መጀመሪያ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ከላይ ወረደና «ዷ!» ብሎ ቦርጮ ላይ አረፈ። ቦርጮ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ሆነ።

ልጆቹ አጨበጨቡ። «ይገባዋል! ይገባዋል!»

ቦርጮ ብድግ አለ። ያን ጊዜ ንቦች «ዝዝዝዝ!» እያሉ መጥተው አፍንጫውን ነደፉት።

«ይገባዋል! ይገባዋል!»

ቦርጮ ብድግ አለ። ያን ጊዜ ጅራቱ ላይ እሳት ተለኮሰ። «ጭስስስስ!»

«ይገባዋል! ይገባዋል!»

ቦርጮ አሁንም ብድግ አለ። አሁን ደግሞ ከገደል ላይ ገፈተሩት። ቁልቁል... ቁልቁል... ቁልቁል... «ጧ!»

«ይገባዋል! ይገባዋል!» ትንሹ ብሩኬ እንኳ ምን እንደሆነ ሳይገባው አጨበጨበ።

ከዚያ ከቴሌቪዥኑ አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ። ልጆች ሆይ፣ የሌባ መጨረሻው ይኸው ነው አለ። ዘፈን ተዘፈነ። አለቀ።

አለቀ? ምኑ ነው ያለቀው? እስቲ ንገሩኝ!

የትንግርት አፍንጫ ቀላ። እግሯም ምንጣፉን ረገጠ። ድም! ድም!

ከዚያ ብድግ ብላ እጇን ወደ ላይ አነሣች። «በሕግ አምላክ!» አለች።

ይህን ቃል ያስተማሯት አባባ ደርቤ ናቸው። አባባ ደርቤ የግቢው ጥበቃ ናቸው፤ በሩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ቤት ይኖራሉ።

ሰው ሲጣላ ካዩ አባባ ደርቤ እጃቸውን ከፍ አድርገው «በሕግ አምላክ!» ይላሉ። ያን ጊዜ ሊመታ የነበረው እጁን ያወርዳል፤ የሚሮጠውም ባለበት ቀጥ ይላል።

የድሮ ሰዎች ደንብ ነው። ሕግ ሲጠራ ማንም ንቅንቅ አይልም።

ቴሌቪዥን ግን ሕግ የት ያውቃል! ዘፈኑን ቀጠለ።

ትንግርት ግን ዝም አላለችም። «እንቁላሏስ?» ብላ ጠየቀች።

ልጆቹ ግራ ገባቸው። የቷ እንቁላል?

የእመት ዶሮ እንቁላል ናታ! ቋጥኙ ሲወድቅ እንቁላሏም አብራ ተሰባብራለች። ለእመት ዶሮ ማን መለሰላት? ማንም!

ቦርጮንስ ለምን ሰረቅህ ብሎ የጠየቀው አለ? ማንም! እመት ዶሮን ይቅርታ በላት ያለውስ? ኧረ ማንም!

ሶስና ግን ቁጭ በይ፣ ጋረድሽኝ አለቻት። ካርቱን እኮ ነው፣ ምን ያናድዳል አለቻት። ልጆቹም ሳቁ።

ጌጡ ብቻ አልሳቀም። ጫማውን ጫማውን ያያል።

አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ዘጋው።

ምሳ ከተበላ በኋላ ሶስና ገመድ ልትዘል ወጣች።

ሶስና ቀይ የመዝለያ ገመድ አላት። እጀታው እንጨት ነው። በግቢው ውስጥ እንደ እሷ ገመድ የሚዘል የለም፤ ያቺን ገመድ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታያት።

ዓርብ ማታ ደረጃው ላይ ሰቅላት ነበር። አሁን የለችም።

ከደረጃው ሥር ፈለጉ። የለችም። ከውኃው ታንከር ኋላ ፈለጉ። የለችም።

ብሩኬ ግን ትንሽ ስለሆነ ዓይኑ ለመሬት ቅርብ ነው። ከጌጡ ቤት በር ሥር አንድ ቀይ ነገር ብቅ ብሎ አየ።

ሳብ አደረገው። ገመዷ ናት! ግን ለሁለት ተበጥሳለች።

ሶስና አለቀሰች። እውነቷን ነው፤ እኔም ብሆን አለቅሳለሁ። ካለቀሰች በኋላ ደግሞ ተናደደች፤ እሱም እውነቷን ነው።

ያን ጊዜ ጌጡ ከቤቱ ብቅ አለ። ገመዷን አየ። የልጆቹን ፊት አየ። ከዚያ ሮጠ።

አንዱ ልጅ «ሌባ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሁሉም እየጮኹ ተከተሉት።

ጌጡ በሕንፃው ዙሪያ ሮጠ። ቷ! ቷ! ቷ! ልጆቹም ከኋላው ሮጡ። ቷ! ቷ! ቷ!

«ይገባዋል! ይገባዋል!»

ሶስና ግን አልተከተለችም። ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣች። በረንዳቸው ላይ አንድ ድንጋይ ነበረ፤ በሩን እንዳይዘጋ የሚይዙበት።

ድንጋዩን አነሣችው። ጌጡ በታች እስኪያልፍ ጠበቀች።

ሶስና ጌጡን ልትጎዳው ፈልጋ እንዳይመስላችሁ! ጌጡ እንደ ቂጣ ጠፍጠፍ ብሎ፣ ኮከብ በራሱ ዙሪያ ዞሮ፣ ከዚያ ብድግ የሚል መስሏት ነው።

ማን እንዲህ ብሎ ነገራት? ያ ቴሌቪዥን ነዋ! ኧረ እኔ ባገኘው!

በዚህ ጊዜ ትንግርት ከቤት ወጣች። ጌጡ ሲሮጥ አየች። ቀና ስትል ሶስናን አየች። የሶስናን እጅ አየች።

ጌጡ ካርቱን አይደለም። ጌጡ ጠፍጠፍ ብሎ ብድግ አይልም!

አየር ሳበችና ባላት ጉልበት ሁሉ ጮኸች። «በሕግ አምላክ!»

ጌጡ ሰማ። ጌጡ ሕግ ያከብራል። ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጧ!»

ድንጋዩ ከፊቱ፣ አንድ እርምጃ ብቻ ራቅ ብሎ ወደቀ። የወደቀውም የአባባ ደርቤ ሰማያዊ ሳፋ ላይ ነው። ሳፋው ለሁለት ተከፈለ።

የሚያሳድዱትም ልጆች ባሉበት ቆሙ።

አያችሁልኝ? ሌባ ያሉት ልጅ ሕግ ሲጠራ ቆመ። ባይቆም ኖሮ... አይ፣ እሱን አልናገርም።

ብሩኬ ወደ ሳፋው ሄደ። አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ተነሥ» አለው ሳፋውን።

ሳፋው አልተነሣም። ብሩኬ ትንሽ ጠበቀ። በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«ተነሥ እንጂ» አለው። ሳፋው አሁንም አልተነሣም።

ሶስና ከላይ ሆና ብሩኬን ታያለች። ደረጃውን በቀስታ ወርዳ መጨረሻው ላይ ቁጭ አለች፤ ፊቷንም በሹራቧ ሸፈነች።

አባባ ደርቤ ድምፁን ሰምተው እየሮጡ መጡ። ይህን ያደረገው ማን ነው ብለው ጠየቁ።

ልጆቹ ሁሉ ጣታቸውን ቀሰሩ። ወደ ጌጡ? አይደለም። ወደ ሶስና!

ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይገባታል! ይገባታል!» እያሉ ወደ እሷ ተጠጉ። አንዱማ ጭቃ ዘግኖ ነበር።

አሁን ገና ለእሷ ብለው ጌጡን ሲያሳድዱ የነበሩት! ቴሌቪዥኗን ሲያዩላት የዋሉት! አያናድድም?

ትንግርት እንዲያ ተናዳ አታውቅም። አፍንጫዋ ብቻ ሳይሆን ጆሮዋም ቀላ። ድም! ድም! ድም!

«በሕግ አምላክ!» ብላ ሶስና ፊት ቆመች። ጭቃ የያዘው ልጅ እጁን አወረደ።

«ጠዋት ቦርጮ ነበር። ቅድም ጌጡ ሆነ። አሁን ደግሞ ሶስና! ነገስ ማን ነው? ብሩኬ ነው?»

ብሩኬ ደነገጠ። እሱ ምንም እንዳላደረገ፣ ሳፋውን በጣቱ ብቻ እንደነካው ተናገረ።

አባባ ደርቤ ሳፋቸውን አነሡ። ዛሬ ጋቢያቸውን ሊያጥቡበት ነበር። ተቆጡ፤ በጣም ተቆጡ። ድንጋይ ከፎቅ መወርወር ሰው እንደሚገድል ተናገሩ።

ማንም ቀና አላለም።

ከዚያ አባባ ደርቤ ትንሽ ተነፈሱ። ጌጡንና ሶስናን ወደ እሳቸው ጠሩ።

የጌጡን ረጅም እጅጌ ያዙ። የሶስናን ረጅም እጅጌ ያዙ። ሁለቱን እጅጌዎች እርስ በርስ ቋጠሯቸው። ጥብቅ!

ልጆቹ ተገረሙ። አባባ ደርቤም ነገሩን አስረዷቸው።

ድሮ፣ በአባታቸው አገር፣ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ የነጠላቸው ጫፍ ከጫፍ ይቋጠር ነበር። እንደተቋጠሩም አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። አንዱ ጥሎ አይሮጥም፤ ሌላውም በድንጋይ አይፈነክትም። ዳኛው እስኪሰማቸው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያርፋሉ።

ዳኛው ታዲያ ማን ይሁን? ልጆቹ አባባ ደርቤ ይሁኑ አሉ።

አባባ ደርቤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተሰበረው የእኔ ሳፋ ነው፤ እኔም ተናድጃለሁ። ባለጉዳይ ዳኛ አይሆንም። ሕግ የጠራችው ልጅ ትዳኝ» አሉ።

ትንግርት ፈራች። መናደድ ቀላል ነው፤ መዳኘት ግን ከባድ ነው።

ቢሆንም አንድ ጀሪካን ገልብጠው አስቀመጧት። ጌጡና ሶስና ተቋጥረው ፊቷ ቆሙ። ሌሎቹም መሬት ላይ ተቀመጡ።

ዳኛ ሲጠይቅ «ተጠየቅ!» ይላል፤ የተጠየቀውም «እጠየቃለሁ» ይላል። አንዱ ሲናገር ሌላው አፉን ይዘጋል። እናንተም አሁን አፋችሁን ዝጉና ስሙ።

«ጌጡ፣ ተጠየቅ!»

«እጠየቃለሁ» አለ ጌጡ በቀጭን ድምፅ።

ገመዷን የወሰዳት እሱ ነው። ዛሬ በማለዳ፣ ሰው ሳይነሣ ወሰዳት።

ጌጡ ገመድ መዝለል አይችልም። ሲሞክር እግሩ ይጠላለፋል፤ ልጆቹም ይስቁበታል። ስለዚህ ከሕንፃው ኋላ ብቻውን ሊለማመድ ፈለገ።

አንድ ዘለለ። ሁለት ዘለለ። ከዚያ ገመዷ አንድ ብረት ላይ ተጠልፋ «ቀጭ!» አለች።

ትንግርት ለምን ለሶስና አልነገርካትም ብላ ጠየቀችው።

ጌጡ ጫማውን አየ። ከዚያ ቀና አለ።

«ልነግራት ነበር የመጣሁት። ጠዋት ቤቷ የመጣሁት ልነግራት ነበር» አለ። «ከዚያ ቦርጮን ያደረጉትን አየሁ። እናንተም አጨበጨባችሁ። እኔንም እንደሱ ታደርጉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

ጭቃ የያዘው ልጅ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ይሄ ነው እኔን የሚያናድደኝ! ልጁ በገዛ እግሩ መጥቶ ነበር። እውነቱን ሊናገር መጥቶ ነበር። ጭብጨባው ነው አፉን የዘጋው።

«ሶስና፣ ተጠየቂ!»

«እጠየቃለሁ» አለች ሶስና። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እንባዋን ልትጠርግ እጇን ስታነሣ የጌጡም እጅ አብሮ ተነሣ።

ስለ ገመዷ በጣም እንደተናደደች ተናገረች። ድንጋዩንም የወረወረችው እሷ ናት፤ አልካደችም።

«ግን ይነሣል ብዬ ነው» አለች። «ቦርጮ ሁልጊዜ ይነሣል።»

ትንግርት የተሰበረውን ሳፋ አየች። ብሩኬ አሁንም አጠገቡ ተቀምጧል።

ትንግርት አሰበች። ጌጡን ብትመታው ገመዷ ትቀጠላለች? አትቀጠልም። ሶስና ላይ ጭቃ ቢወረወር ሳፋው ይጠገናል? አይጠገንም።

ከዚያ ፈረደች። እስቲ ፍርዷን ስሙልኝ።

ጌጡ ገመዷን ይቀጥላል። ሶስናንም ሳላስፈቅድ ስለወሰድኩ፣ ስለደበቅኩም ይቅርታ ይላታል።

ሶስና የቤታቸውን ሳፋ እናቷን አስፈቅዳ ታመጣለች። ጌጡን ይቅርታ ትለዋለች። ድንጋዩንም ምን እንዳደረገችበት ለእናቷ ራሷ ትናገራለች።

የአባባ ደርቤን ጋቢ ደግሞ ጌጡና ሶስና አብረው ያጥባሉ። እንደተቋጠሩ!

ያጨበጨቡትስ? ያጨበጨቡት ውኃ ይቀዳሉ። ይገባዋል ሲሉ አፋቸው አልደከመም፤ አሁን እጃቸው ይድከም።

አባባ ደርቤ ልጆቹ ፍርዱን ተቀብለው እንደሆነ ጠየቁ። ጌጡ ተቀብያለሁ አለ። ሶስና ተቀብያለሁ አለች። ሌሎቹ ትንሽ አጉረመረሙ፤ ከዚያ ጀሪካን አነሡ።

ጌጡ ወደ ሶስና ዞረ። ይቅርታ አላት። እሷም ይቅርታ አለችው። ደግማም አለችው፤ አንድ ጊዜ አልበቃትም።

ሶስና ወደ እናቷ ስትሄድ ጌጡም አብሮ ሄደ። ተቋጥረው የለ? ደረጃው ላይ እሷ ስትፈጥን እሱ ሊወድቅ፣ እሱ ሲቆም እሷ ልትወድቅ! ኋላ ግን አንድ፣ ሁለት እያሉ ወጡ።

የሶስና እናት ሁሉንም ሰሙ። ሶስናን ተቆጧት፤ ከዚያ እሷንም ጌጡንም አንድ ላይ እቅፍ አደረጓቸው።

ትልቁን ሳፋ ሰጧቸው። ድንጋዩንም ወደ በረንዳው አልመለሱትም፤ ለበሩ ጨርቅ አጥፈው አደረጉበት።

አሁን የጋቢው ሥራ መጣ። ጋቢ ከባድ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ደግሞ ድንጋይ ነው። በእጅ አይታጠብም፤ በእግር እየተረገጠ ነው የሚታጠበው።

ጌጡና ሶስና ጫማቸውን አወለቁ። ሱሪያቸውን ወደ ላይ ጠቀለሉ። ሳፋው ውስጥ ገቡ። ኧረ ብርዱ! «እእእእ!»

ጭቅ! ጭቅ! ጭቅ! ረገጡ።

መጀመሪያ ጌጡ ቀኝ ሲል ሶስና ግራ ትላለች። እየተጎተቱ ሁለቱም በቂጣቸው ውኃው ውስጥ ዘፍ አሉ። አባባ ደርቤ ሳቃቸውን ሊደብቁ ዞር አሉ።

ሶስና አስተማረችው። እግሩን አብሯት እንዲያነሣ፣ አብሯት እንዲያሳርፍ።

ቀኝ! ግራ! ጭቅ! ጭቅ! ቀኝ! ግራ! ጭቅ! ጭቅ!

ልጆቹም ዙሪያውን ቆመው ቀኝ ግራ ይሉላቸዋል። እናንተም በሉላቸው!

ቀኝ! ግራ! ቀኝ! ግራ!

ጋቢው ነጣ። ሁሉም ተጋግዘው ጠመዘዙትና አሰጡት።

ከዚያ ጌጡ የገመዷን ሁለት ጫፎች ቋጠረ። ቋጠሮው ትንሽ ወፍራም ነው፤ ገመዷም ትንሽ አጥራለች። እንደ ድሮዋ አይደለችም። ሶስና ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻት።

ከዚያ አንዱን እጀታ ለትንግርት ሰጠች። ሌላውን እጀታ ጭቃ ይዞ ለነበረው ልጅ ሰጠች።

«አዙሩልን» አለች።

ገመዷ ዞረች። ጌጡና ሶስና አብረው ዘለሉ። አንድ! እግሩ አልተጠላለፈም። ሁለት! ሦስት! አራት!

አምስት ላይ ሁለቱም ወደቁ። በዚህ ጊዜ የተሳቀው ሳቅ ግን የሚያስከፋ አልነበረም፤ ራሱ ጌጡ ነው አስቀድሞ የሳቀው።

መሸ ሲል የጌጡ እናት ከታች ጌጡን ጠሩ። የሶስና እናት ከላይ ሶስናን ጠሩ።

ይሂዱ ታዲያ! ቋጠሮው ግን ረጥቦ ጠብቋል። አባባ ደርቤ ቢሞክሩ እምቢ አለ። ትንግርት በጥርሷ ብትሞክር እምቢ አለ።

ስለዚህ ጌጡ እንደተቋጠረ እራቱን ሶስና ቤት በላ። እሷ ስትጎርስ የእሱም እጅ ይነሣል፤ ለእሷ ያሉት ጉርሻ ስንት ጊዜ አፍንጫው ላይ አረፈ!

ከእራት በኋላ የጌጡ እናት ሹካ ይዘው መጡና ቋጠሮውን በቀስታ ፈቱት። ሶስና ነገም ገመድ ሊዘሉ እንዲመጣ፣ ስድስት ዝላይ እንደሚደርሱ ነገረችው።

ትንግርት አልጋዋ ውስጥ ገባች። አባቷ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ድረስ አለበሳት።

ግንባሯን አየና አሁንም እንደተናደደች አወቀ። ምን ቀረ ብሎ ጠየቃት።

«ጌጡ ሊነግራት መጥቶ ነበር አባዬ» አለች። «ባለፈው ቅዳሜ እኔም አጨብጭቤያለሁ። በቦርጮ እኔም አጨብጭቤያለሁ።»

አባቷ ፀጉሯን ዳሰሳት። ያጠፋ ሰው ሊነግራት ሲመጣ ወደፊት ምን እንደምታደርግ ጠየቃት።

ትንግርት መልስ ሳትሰጥ በሩ ተንኳኳ። «ኳ! ኳ! ኳ!»

ብሩኬ ነው። የእናቱን እጅ ይዞ ነው የመጣው። የመኝታ ልብሱን ለብሷል፤ ጫማውን ግራ ቀኝ አቀያይሯል።

የጨበጠውን እጁን ዘረጋ። መዳፉ ላይ ባለ ቢራቢሮ የፀጉር መያዣ አለ። ትንግርት ሐሙስ ዕለት ቤቱን ገልብጣ ፈልጋ ያጣችው የራሷ የፀጉር መያዣ ነው።

ቢራቢሮዋ አንድ ክንፍ የላትም።

«እኔ ነኝ» አለ ብሩኬ። «አምሮኝ ወሰድኩት። ከዚያ ተሰበረ።»

እናቱ አላመጣሁትም፣ ራሱ ነው ያመጣኝ አሉ። ከአልጋው ወርዶ ጫማውን ሲያደርግ ነው ያዩት።

የትንግርት አፍንጫ ትንሽ ቀላ። የምትወደው የፀጉር መያዣ ነበረ፤ ሐሰት አልነግራችሁም።

ከዚያ ብሩኬን አየችው። ጆሮው በብርዱ ቀልቷል። እሷ ምን እንደምትል እየጠበቀ ነው፤ ግን አልሮጠም።

«ግባ፣ ብርድ ነው» አለችው። «ቁጭ በልና እንዴት እንደተሰበረ ንገረኝ።»

ብሩኬ ገባ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ወጥቶ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። በጣም ረጅም ነበረ፤ መሐል ላይ ሁለቱም ማዛጋት ጀመሩ።

በሉ እንግዲህ፣ እናንተም አሁን ተኙ።

ግን ከመተኛታችሁ በፊት፣ የደበቃችሁት ነገር ካለ ንገሩኝ። ትንሽ እቆጣ ይሆናል። መጀመሪያ ግን እሰማችኋለሁ።